ለጋብቻ የተጎበኘች የበረሃ ከተማ

ከበረሃ ከተመለስኩ ወዲህ ፒያሳ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እስቲ ንገረን" ይላል። ሁለት ጊዜ ነገርኩ፤ በሦስተኛው ጉሮሮዬ ደረቀና ይኸው ጻፍኩት። እናንተ መቼም እዚያ አትሄዱም። ብትሄዱም ከጥላ ሥር ስለማትወጡ የምታዩት ነገር የለም። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ውሃቸውን ጠጥቶ ስማቸውን ማንሳት ነውር ነው። ባቡሩ አገራችንን ጨርሶ የሰው አገር ሊገባ ሲል የሚቆምባት ከተማ ናት ካልኳችሁ ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔም ወይንሸትም አስተማሪዎች ነን። እኔ እሪ በከንቱ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እሷ ራስ መኰንን ድልድይ አጠገብ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። በዚያ ሰሞን ምደባ ወጣ። እኔ ኢሉባቦር፣ እሷ ባሌ! ባልና ሚስት ግን አንድ ቦታ ይመደባሉ፤ የጋብቻው ወረቀት ሐምሌ ሳያልቅ ከገባ ነው። ሐምሌ ደግሞ ተጋምሷል። አባቷ አቶ ወልደሰንበት በዚያች የድንበር ከተማ የኬላ ሹም ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አዲስ አበባን ረግጠው አያውቁም። በደብዳቤ ብንለምናቸው በአንድ መስመር መለሱ፦ "ልጄ በፖስታ አትሰጥም።"

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። ከሰፈራችን ሁለት ሰው ተገኘ። አንዱ ጋሽ ዘለቀ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በችሎት ጸሐፊነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ። ሁለተኛው የቀድሞ አስተማሪዬ አቶ ማርቆስ ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፣ ዘመኑ ስለማይወድላቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ነው የሚይዙት፣ ውሸት ግን በጋዜጣ ተጠቅልሎም ከአፋቸው አይወጣም። ሦስተኛው አጎቴ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን ታመው ቀሩ። እኔ የሄድኩት ሻንጣ ልሸከም ነው። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይታይም፤ እዚያ ስንደርስ ማረፊያ ቤት ተደብቄ ልቆይ ተስማማን።

የይለፍ ወረቀት ልናወጣ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ቅጹን አገላበጠው። የጉዞ ምክንያት በሚለው ሥር የተጻፈው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ሥራ፣ ሕክምና፣ ለቅሶ፣ ጉብኝት።

"ሽምግልና የሚል የለም" አለ። "ለቅሶ ልበላችሁ?"

"በስመ አብ! አታሟርትብን!" አሉ ጋሽ ዘለቀ። "ልጅ ልንድር ሄደን በለቅሶ ልንጀምር?"

ስለዚህ ጉብኝት ተባለ። ባዶ መስመር ተርፎት ስለነበር ከሥሩ "ባህላዊ ቅርሶችንና የተፈጥሮ መስህቦችን ለማየት" ብሎ ጨመረበትና ማኅተሙን አሳረፈ። ለሰባት ቀን። ያቺ መስመር ምን እንደምታመጣብን ማን ያውቃል?

ሰኞ

ከለገሐር የተነሳነው በዝናብ ነው። ጋሽ ዘለቀ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

"ጋሼ፣ በረሃ እኮ ነው የምንሄደው" ብላቸው፣

"ቢሆንስ? ጋቢ የሌለው ሽማግሌ ምስክር እንደሌለው ክስ ነው" አሉኝ።

ናዝሬት ላይ ካፖርቱን አወለቁ። መተሐራ ላይ ጋቢውን አጠፉ። አዋሽ ስንደርስ ከሸሚዝ በቀር የቀራቸው ነገር አልነበረም፤ እሱንም በመጽሐፍ ቅዱሱ ጋዜጣ እያራገቡት ነው። አንድ ወታደር መጥቶ ይለፋችንን አነበበ፤ ቀና ብሎም ሦስታችንን አየን።

"ምን ልትጎበኙ ነው?"

"መስህብ" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

"ምን ዓይነት መስህብ?"

አቶ ማርቆስ መዋሸት ስለማይችሉ "ገና አላየነውም ልጄ" አሉት።

"እኔ እዚያ ሁለት ዓመት ኖሬ አላየሁም" አለ ወታደሩ ወረቀቱን እየመለሰ። "ካገኛችሁት ስትመለሱ ንገሩኝ።"

ሲመሽ ድሬዳዋ ገባን። እኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት ብርድ ልብስ ይወጣል፤ እዚያ አልጋ ይወጣል፣ ወደ ውጭ። ሰው በረንዳው ላይ አልጋውን ዘርግቶ ከጎረቤቱ ጋር እያወራ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጋሽ ዘለቀ "ይሄ ሁሉ ሕዝብ ተከራይ ነው ወይስ ተባራሪ?" ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ በሐዘኔታ ሲያዩ ቆዩ።

ማክሰኞ

ወደ ድንበር የሚሄደው ባቡር ዛሬ ነው ተብሎ ነበር፤ ስንጠይቅ ነገ ሆነ። ድሬዳዋን በእግር ዞርናት። መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥላ ከግራና ከቀኝ ተሰልፏል። ፒያሳን ሰክሮ የነደፈው ሰው እዚህ ሲደርስ ስካሩ በርዶለት መሆን አለበት። ያደርንበት ቤት ባለቤት ለአቶ ማርቆስ ሙቀቱ ስለጠናባቸው አንሶላቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው አነጠፉላቸው፤ "እንዲህ ነው የሚተኛው" ብለው። አቶ ማርቆስ ጠዋት ሲነሱ በሕይወቴ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም አሉ፤ ጋሽ ዘለቀ ግን "ሰው እንደ ልብስ ታጥቦ ያድራል?" ብለው እምቢ ብለው ሲንቆራጠጡ ነጋ።

ረቡዕ

ከድሬዳዋ በኋላ ያለውን መንገድ ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልግም፦ ድንጋይ፣ ግመል፣ ድንጋይ። ከቀትር በኋላ ደረስን። ከባቡር ስወርድ የምድጃ በር የከፈቱብኝ መስሎኝ ዞር አልኩ፤ በር የለም፣ ከተማዋ ናት። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ኬላ፣ ከቆርቆሮና ከጭቃ የተሠሩ ቤቶች፣ በየበሩ የተደረደረ የውሃ ጀሪካን። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ከአገር ወደ አገር ይመላለሳል።

ይለፋችንን ያየው ሰው ጮኸ። ደስ ብሎት ነው የጮኸው! ሮጦ ሄዶ አንድ ቀጭን ወጣት ይዞ መጣ። ወጣቱ የከተማዋ የባህልና የጉብኝት ኃላፊ ነው፤ ስሙ ጓድ ሰይፉ። ወረቀታችንን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ።

"ጓዶች!" አለ፣ ድምፁ ተቆራረጠ። "ጎብኚዎች ናችሁ?"

አቶ ማርቆስ ወደ መሬት አዩ። ጋሽ ዘለቀ "እንዲያ ይላል ወረቀቱ" አሉ።

ሰይፉ ከቢሮው የጎብኚዎች መዝገብ አመጣልን። ወፍራም ነው፣ ቆዳ የለበሰ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ፤ ስም፣ ሰይፉ፤ አስተያየት፣ "እጅግ ረካሁ"። ቀጥሎ ሰይፉ፤ "ጥላው ቢሰፋ መልካም ነው"። ቀጥሎ ሰይፉ። መዝገቡን ባዶ መላክ ስላልተቻለ በየወሩ እየሄደ የሚጎበኘው እሱው ነበር። አንጀቴን በላው። በከተማዋ የተመዘገቡ መስህቦች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም አይተን ማኅተም ካልተመታልን ደግሞ የመጣንበትን ጉዳይ ስላልፈጸምን የመመለሻ ፈቃድ የለም። ይህን የነገረን ፈገግ ብሎ ነው፤ ማን መመለስ ይፈልጋል በሚል ፈገግታ።

ያረፍነው እትዬ ሐዋ ቤት ነው። የአገሩ ተወላጅ፣ ረጅም፣ ሽፋሽፍታቸው በኩል የተኳለ ሴት ናቸው። አማርኛቸው አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም። ጋሽ ዘለቀን ገና እንዳዩ "አንተ ሽማግሌ፣ ጫማህን አውልቅ፣ እግርህ ሊበስል ነው" አሏቸው። ጋሽ ዘለቀ ደማቸው ፈላ፤ ሴትዮዋ ግን እየተናገሩ ውሃ በገበቴ አምጥተው እግራቸውን ሲያጥቡላቸው ሁለተኛውን ራሳቸው ዘረጉ። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ። ረቡዕ ስለሆነ ጋሽ ዘለቀ ሥጋውን እየገፉ ሩዙን በሉ፤ ሥጋው ከሩዙ ጋር አብሮ መቀቀሉን ማንም አላስታወሳቸውም።

አመሻሽ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ አቶ ወልደሰንበት ቤት ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጋሽ ዘለቀ እያለከለኩ ተመለሱ።

"ሦስተኛው የት አለ አሉን። 'እግዜር' አልኳቸው። 'እግዜር ሽማግሌ ሆኖ ከመጣ እኔ ማን ነኝ እምቢ የምለው? ሰው አምጡ' አሉ። ና ተነሳ!"

"እኔ? ሙሽራው?"

"ፊትህን አያውቁት። ጎንበስ በል። ሳል እስቲ። በርታ፣ ከደረትህ ሳል!"

ጋቢውን ጣሉብኝ። ጸጉሬን የቀኑ አቧራ ራሱ አሸብቶት ነበር። እትዬ ሐዋ ከጓዳ ሆነው ይህን ሁሉ አዩና ሳቁ፤ "ለራሱ ሚስት የሚለምን ሽማግሌ ገና ዛሬ አየሁ" አሉ። የወይንሸት እናት በሕይወት ሳሉ የቅርብ ወዳጃቸው እንደነበሩ የነገሩን ያኔ ነው። እንዳያጋልጡን ለመንናቸው። "አላጋልጥም፤ ግን ለማየት እመጣለሁ" አሉ።

በአገራችን ደንብ ሽማግሌ የመጣበት እስኪሰማለት ይቆማል፤ አይቀመጥም፣ ውሃ አይቀምስም። ቆምን። አቶ ወልደሰንበት ካኪ የለበሱ፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ሰው የሚፈትሽ ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ልክ ሻንጣ ሲፈትሹ ኖረው ልማድ ሆኖባቸው ይሆናል።

"እኚህስ ማን ናቸው?"

"አቶ በላይ ይባላሉ፤ የልጁ ጎረቤት" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

አቶ ማርቆስን ሳል ያዛቸው። አቶ ወልደሰንበት ወደ እሳቸው ዞሩ። "እውነት ልጁን ያውቁታል?"

አቶ ማርቆስ ላባቸውን ጠረጉ። "ከእሳቸው ይበልጥ የሚያውቀው የለም" አሉ።

ጋሽ ዘለቀ ልመናውን አደረሱ። ልጁ አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ነው፣ የጨዋ ልጅ ነው፤ እኔ እንኳ ራሴን እዚያ ላይ ነው የተዋወቅሁት። አቶ ወልደሰንበት ሰምተው ሲያበቁ "መልካም። አስቤበት በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" አሉ። ኢሉባቦርና ባሌ በዓይኔ መጡ።

"ይለፋችን እሑድ ያልቃል" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

"ይለፍ የመንግሥት ነው፤ ልጅቷ የኔ ናት። ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ያልተመለሰ ሽማግሌ ከቤቴ ሴት ልጅ አይወስድም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ ይለፍ አልተጠየቀም ጌታዬ!" አሉ ጋሽ ዘለቀ፤ የችሎት ደማቸው ተነሳ። "ደግሞስ ሦስት ጊዜ ሄዶ መመለስ አሉ እንጂ እስከ የት ተሂዶ እንደሚመለስ አልጠቀሱም። ይመዝገብልኝ።"

አቶ ወልደሰንበት ፍርድ አዋቂ ሰው ናቸው። "ከከተማ መውጣት አለባችሁ" አሉ። "ወጥታችሁ፣ አቧራ ለብሳችሁ፣ ከመንገድ እንደመጣ ሰው ተመለሱ። ሦስት ጊዜ።"

የሰይፉ መስህቦች በሙሉ ከከተማ ውጭ ናቸው። ጋሽ ዘለቀ ወደ ማረፊያችን ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ይዘው "የቀበሌው ጸሐፊ ለካ ነቢይ ነው" አሉኝ።

ሐሙስ

በማለዳ እትዬ ሐዋ የግመል ወተት አቀረቡ። ሐሙስ የፍስክ ቀን ስለሆነ ጋሽ ዘለቀ የትናንቱን ሊክሱ ሁለት ትልቅ ጣሳ ጠጡ። "ለለመደው ነው፣ ቀስ በል" ቢሏቸው "እኔ በኮረፌ ያደግሁ ሰው ነኝ" አሉ።

ሰይፉ ወደ መጀመሪያው መስህብ ወሰደን። ታሪካዊው ጥላ ይባላል። ከከተማው ወጥቶ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ግራር ነው፤ በዚያ አካባቢ ያለው አንድ ዛፍ እሱ ብቻ ነው። ፍየል እንዳይበላው በሽቦ ታጥሯል፤ ሰው እንዳይነካውም በር አልተሠራለትም። ስለዚህ ከሽቦው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመን ጥላውን ተመለከትን። ውስጡ ቅዝቃዜው ይታያል። ጋቢ ለብሻለሁ፤ ጋሽ ዘለቀ አታውልቅ፣ ሰው ያያል ብለውኛል። ሐምሌ ላይ ፒያሳ ብሆን ኖሮ ጋቢው እጥፍ ይሁንልኝ ባልኩ ነበር፤ እዚህ ግን ከነሕይወቴ የተገነዝኩ ነው የመሰለኝ።

"እግዜር ያሳይህ፣ ጥላ ታስሮ ሰው ፀሐይ ላይ!" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

"ብንከፍተው ሰው ይቀመጥበታል" አለ ሰይፉ። "ከዚያ ጥላ ይሆናል እንጂ መስህብ አይሆንም።"

መዝገቡ ላይ ፈረምን። የሌላ ሰው ስም ከስሙ ቀጥሎ ሲያይ ሰይፉ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት።

ከዚያ እንደ መንገደኛ አቧራችንን ሳናራግፍ አቶ ወልደሰንበት ቤት ገባን። "ከየት መጣችሁ?" አሉ፣ ትናንት ያላዩን ይመስል። "ከሩቅ" አልን። ጋሽ ዘለቀ ልመናውን ጀመሩ። "ልጃችን ትጉህ ነው፣ ልጃችን ታዛዥ ነው፣ ልጃችን..." ብለው ቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሆዳቸው ውስጥ ሁላችንም የሰማነው ድምፅ ተሰማ። ጃንጥላቸውን ጥለው ወጥተው ሮጡ፤ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ እንዲህ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

አቶ ወልደሰንበት ደነገጡ። "ተቆጥተው ነው? ምን ተናገርኩ?"

አቶ ማርቆስ "አልተቆጡም" አሉ። "የሄዱት በራሳቸው ፈቃድም አይደለም።"

እኔ ሳል ያዘኝ፤ ዛሬ በማስመሰል አልነበረም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋሽ ዘለቀ ግድግዳ ይዘው ተመለሱ፤ ካቆሙበት ቃል ቀጥለው "ልጃችን ታጋሽ ነው" አሉ።

"የት ድረስ ሄዱ?" ጠየቁ አቶ ወልደሰንበት።

"ከከተማ ውጭ" አሉ ጋሽ ዘለቀ በደከመ ድምፅ። "ከመጨረሻው ቤት ማዶ ቁጥቋጦ አለ።"

አቶ ወልደሰንበት በጣታቸው ቆጠሩ። "ወጥተው ተመልሰዋል። ሁለተኛ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ" አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ አንድም ጥርስ አላሳዩም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዘለቀ ሲተኙ እትዬ ሐዋ ሩዝ አፍልተው ውሃውን በጨው እያጠጡ ራስጌያቸው ዋሉ። "አንተ የኮረፌ ልጅ" ይሏቸዋል እየደጋገሙ። ጋሽ ዘለቀ አንተ መባላቸውን ትተው ነበር፤ ሲመሽ "ሐዋ እኅቴ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ዓርብ

ሁለት መስህብ ቀረ፣ አንድ ልመና ቀረ። ቅዳሜ ባቡር አለ። ዛሬ እሺ ካላሉ ወረቀቱ አይደርስም። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ከሙቀቱ ይልቅ ወይንሸት ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ሁለተኛው መስህብ ሐይቁ ነው። ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ መሬት ነው፤ ዳር ላይ "መዋኘት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ከመሃሉ አንድ ግመል ተኝታለች።

"ውሃው መቼ ይመጣል?" አልኩት።

"ዝናብ ከጣለ ዘጠኝ ቀን ይቆያል። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ታዩት ነበር።"

"ስንት ቀን ቀደም ብለን?"

"አራት ዓመት" አለ ሰይፉ። ሰሌዳው የተተከለው ያኔ አንድ የመንግሥት እንግዳ ሊዋኝ ፈልጎ እንደሆነና ትእዛዙ ስላልተነሳ እስከ ዛሬ እንደሚጸና አስረዳን። ግመሏን ሕግ ተላልፋለች ብሎ በድንጋይ አስነሳት።

ሦስተኛው ድንበሩ ራሱ ነው። በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ማዶ ያሉት ፍየሎችና ወዲህ ያሉት ፍየሎች ተቀላቅለው ይግጣሉ፤ ሰይፉ ግን ይለያቸዋል። "ያቺ ጥቁሯ የውጭ ዜጋ ናት" ይላል። ልንጠጋ ስንል እጁን ዘረጋ። ድንበሩን መጎብኘት ይቻላል፤ ማየት ግን በደህንነት ምክንያት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ፊታችንን ወደ ከተማዋ፣ ጀርባችንን ወደ ድንበሩ አዙረን ቆምን፤ ሰይፉ ብቻውን ወደዚያ እያየ ይነግረን ጀመር።

"አሁን በግራ በኩል ኮረብታ አለ። ቀይ ነው፣ ቆንጆ ነው። አሁን አንዲት ሴት ውሃ ተሸክማ እየሄደች ነው..."

የሴትዮዋን መጨረሻ አልሰማሁም። ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ስነቃ ፊቴ ላይ ውሃ ይወርዳል፤ እትዬ ሐዋ "ይሄ ልጅ ዛሬ ይሞታል ብዬ ነበር" እያሉ ጀሪካን አዘንብለውብኛል። ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ተሸክመው ሲከተሉን ኖረዋል፤ ኋላም በኮረብታው በኩል ዞረው ደረሱብን። ለካ ሰይፉ የሚነግረን ሴትዮ እሳቸው ነበሩ! ሰይፉ የመጨረሻውን ማኅተም አሳረፈልን። ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቡ ላይ የፈረመ ጎብኚ ሊሞትበት ነበር።

አራት ሆነን አቶ ወልደሰንበት ቤት ገባን፤ እትዬ ሐዋም "እመጣለሁ ብያለሁ" ብለው ከበሩ ሥር ቆሙ። ጋሽ ዘለቀ ለመኑ። አቶ ማርቆስ አጸኑ። አቶ ወልደሰንበት ግን እኔን ያያሉ።

"አቶ በላይ፣ ሦስት ቀን ቆመው አንድ ቃል አልወጣዎትም። ሁለቱ ልጁን መልአክ አደረጉት። ልጄ የምትፈልገው ባል ነው፣ መልአክ ምን ያደርግላታል? ነውሩን እርስዎ ይንገሩኝ።"

ጋሽ ዘለቀ በክርናቸው ጎሸሙኝ። እኔ ግን ውሸት ሊመጣልኝ አልቻለም፤ አናቴ ገና ይግላል።

"ቁጡ ነው" አልኩ። "ሲናደድ ጥሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ጊዮርጊስ በር ላይ ቀጥሯት በአንድ ነገር ተናዶ ቀረ። ዝናብ ነበር። ሁለት ሰዓት ጠብቃዋለች። በማግስቱ ሲያገኛት ጫማዋ ገና አልደረቀም፤ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዝናብ ሲዘንብ ያፍራል።"

"ይህን ማን ነገርዎት?"

"ማንም አልነገረኝም። የቀረሁት እኔ ነኝ" አልኩ፤ ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። "እወዳታለሁ። እሷን ባሌ ልከውብኝ እኔ ኢሉባቦር ቁጭ ብዬ ፊደል ማስቆጠር አልችልም። ነውሬ ይሄ ነው።"

አቶ ማርቆስ "ተመስገን" አሉ በቀስታ፤ ከሦስት ቀን ጭንቅ ተገላገሉ። ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

አቶ ወልደሰንበት ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ መጥተው ጋቢውን ከላዬ ገፈፉ። "ሊገድልህ ነው" አሉ። "በል ውጣ። ሙሽራ ውጭ ነው የሚቆመው።"

አለቀልኝ ብዬ ወጣሁ፤ ከደጃፉ ግን አልራቅሁም። ከውስጥ "እንግዲህ ሽማግሌ ሁለት ሆነ፤ ጎደለ" ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ጋቢውን ራሳቸው እየለበሱት ነው። ለብሰው ከጋሽ ዘለቀና ከአቶ ማርቆስ ጎን ቆሙ፤ ሦስተኛ ሆኑ።

"ሐዋ፣ እኔ ቦታ ተቀመጪ" አሉ። "በእናቷ ፈንታ አንቺ መልሺ።"

እትዬ ሐዋ ሄደው ተቀመጡ። አቶ ወልደሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጃችሁን ለልጃችን..." ብለው ጀምረው አልዘለቁትም። ሽማግሌዎቹን ሳያዩ ወደ መሬት ተናገሩ። "እናቷን ከድሬዳዋ በባቡር ይዣት ነው የጠፋሁት። ሽማግሌ አልላክሁም። እስክትሞት ድረስ 'ለእኔ ቆሞ የለመነ ሰው የለም' ትለኝ ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው። እኔ ግን ሳቅ አልመሰለኝም።"

"ለእኔም ነግራኛለች" አሉ እትዬ ሐዋ። ከዚያ ቀና አሉ፤ ፊታቸው እንደ ዳኛ ጠነከረ። "ለእሷ ስንት ጊዜ ሄደህ ተመለስክ?"

"አንድም ጊዜ።"

"እንግዲያው ሂድ። ሄደህ ተመለስ።"

ይቀልዳሉ ብዬ ነበር። አቶ ወልደሰንበት ግን ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም። በዚያ ቀትር፣ ሰው ሁሉ ከጥላ ባልወጣበት ሰዓት፣ የኬላው ሹም ጋቢ ለብሰው ብቻቸውን በከተማዋ መሃል ሄዱ። የመጨረሻውን ቤት አለፉ። በኖራ እስከተቀቡት ድንጋዮች ደርሰው ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ ዞሩ። ጋሽ ዘለቀ መጥተው ከጎኔ ቆመው ነበር፤ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቀዋለሁ?

ሲመለሱ ጫማቸው፣ ጋቢያቸው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ነበር። ከሁለቱ መሃል ገብተው ቆሙ።

"ከየት መጣህ?" አሉ እትዬ ሐዋ።

"ከሩቅ" አሉ አቶ ወልደሰንበት። "ልለምናት መጥቼ ነው።"

እትዬ ሐዋ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። "ተሰጥታለች" አሉ። "ልጅቷም፣ እናቷም። አሁን ቁጭ በሉ።"

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እኔንም ከውጭ ጠሩኝ፤ ውሃ ቀረበ። አቶ ወልደሰንበት ግን እንደ ቆሙ ቀሩ። እትዬ ሐዋ ተነስተው በትከሻቸው ይዘው አስቀመጧቸው።